ቦታው ከተመረጠ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ
ጣና ላይ ተንሳፋፊ ሶላር ይተከል ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጣና ላይ ተንሳፋፊ የሶላር ማመንጫ እንዲተከል የሚሟገት ጽሑፍ ሰሞኑን ሲነበብና ሲያነጋግር ሰንብቷል። ላላነበበው ሰው ሐሳቡ ይህ ነው። በባሕር ዳር ሰላጤ ውስጥ 50 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ፓኔል ውሃው ላይ ይዘርጋ፤ ቦታውን መሐንዲሶች በሳተላይት ምስልና በጥልቀት ካርታ ይምረጡት፤ የዳርቻው ነዋሪ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ስብሰባ ተጠርቶ ይነገረው፤ የተጎዳ ካለ ካሳ ይሰጠው። ጸሐፊው ለዚህ አራት ምክንያት ያቀርባሉ፦ ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ የሚያዘው ቦታ ኢምንት ነው፤ ውሃው የማንም ይዞታ አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪ ለምህንድስና የሚጨምረው እውቀት የለም፤ በውጭ አገርም የባሕር ላይ ማመንጫዎችን የገደላቸው ሕዝብን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የምንስማማበት አለ። መብራት ሲቆራረጥ ምን እንደሚመስል ለባሕር ዳር ሰው አይነገረውም። ውሃ ላይ የተዘረጋ ፓኔል ከእርሻ ጋር አይሻማም፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ስለሚያቀዘቅዘውም የብስ ላይ ካለው ትንሽ የተሻለ ያመነጫል። ቴክኖሎጂውም ተፈትኗል፤ ኢንዶኔዢያ ውስጥ በቺራታ ግድብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የተመረቀው የፓኔል አቅሙ 192 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ ሶላር ይሁን አይሁን ብለን አንከራከርም። የምንከራከረው ቦታውን ማን ይምረጥ፣ ሕዝቡስ መቼ ይጠየቅ በሚለው ላይ ነው። የተጎጂው ብዛት፣ የኬብሉ መንገድ፣ የመልሕቁ ዓይነት፣ የካሳው መጠን ሁሉ ከቦታው ነው የሚመነጨው። ቦታው ተቆርጦ ካለቀ የቀረው ምክክር ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ሐይቁ ሰፊ ነው ስለሚለው

የጸሐፊው ሒሳብ አልተሳሳተም። ተንሳፋፊ ሶላር ለአንድ ሜጋ ዋት አንድ ሄክታር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። 50 ሜጋ ዋት 60 ሄክታር ያዘ እንበል፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነው ጣና 0.02 በመቶ ብቻ ነው።

ነገር ግን ሐይቁን በሙሉ የሚጠቀም ሰው የለም። መሐንዲሱ ቦታ ሲመርጥ የሚያያቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ኬብል ውድ ስለሆነ ከዳር እንዳይርቅ፣ ከማዕበል የተጠለለ እንዲሆን፣ መልሕቅ ለመጣል ጥልቀቱ መጠነኛ እንዲሆን፣ ለማከፋፈያ ጣቢያ እንዲቀርብ። ጣና በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው ጥልቀቱ፤ እነዚህን መስፈርቶች ሲደራርቧቸው የሚቀሩት ወደ ዳር የተጠጉ እጥፋቶች፣ ማለትም ውሃው ወደ የብስ የገባባቸው ትንንሽ ሰላጤዎች ናቸው። የተጠለለና ለዳር የቀረበ ጥልቀት አልባ ውሃ ደግሞ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) የሚራባበት፣ ደንገል የሚበቅልበት፣ ታንኳ ያለ ሞተር ደርሶ የሚመለስበት ውሃ ነው። በሁለቱ ወገን የሚፈለገው አንድ ቦታ ነው። 0.02 በመቶ የሚለው ቁጥር ይህን አያሳይም።

ከዚያም 60 ሄክታር 60 ሄክታር ሆኖ አይቀርም። ስፋቱ አራት ማዕዘን ቢሆን አንዱ ጎን 775 ሜትር ያህል ነው። የመልሕቅ ገመዶቹ ከፓኔሉ ጠርዝ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ጀልባ እንዳይገባ፣ መረብ እንዳይጣል በዙሪያው ክልል ይከለላል። ክልሉን ለምሳሌ 200 ሜትር ብናደርገው አጠቃላዩ 138 ሄክታር ይሆናል። ኬብሉ እስከ ዳር 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድና በግራና በቀኝ 100 ሜትር መልሕቅ መጣል ቢከለከል ሌላ 80 ሄክታር ይጨመራል። ጠቅላላው 218 ሄክታር ገደማ፣ ከመነሻው ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ነው። በላዩ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ አለ፤ ማመንጫው በዓሣ ማውረጃውና በመረብ መጣያው መካከል ከወደቀ፣ ታንኳውን በቀርቀሃ የሚቀዝፈው ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችል ተጨማሪ መንገድ ይዞራል። የሞተር ጀልባ ባለቤት ይህን በነዳጅ ያካክሰዋል። ታንኳኛው ማካካሻው ጉልበቱ ብቻ ነው።

የማንም ይዞታ አይደለም ስለሚለው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሕዝብ የሆነን ነገር የማንም አይደለም ብሎ ማንበብ አይቻልም። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፕሮጀክቶች ሲታቀዱም ሲፈጸሙም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። ሲታቀዱ የሚለው ቃል ለዚህ ክርክር ይበቃል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማው ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ይጠይቃል። ጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ እምብርት፣ መከለያና መሸጋገሪያ የሚባሉ ቀጠናዎች ተሰምረውለታል። ጸሐፊው ስለ ቀጠናዎቹ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ገርሞናል፤ የቦታ መረጣ የሚጀመረው ከዚያ ካርታ ነበር።

ካሳው ላይ ያለው ክፍተት ከዚህ የባሰ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተቀረጸው ለመሬት ይዞታ፣ በመሬቱ ላይ ላለ ንብረትና ለሰብል ነው። መረብ የሚጣልበት ውሃ የይዞታ ደብተር የለውም። ደንገል የሚቆረጥበት ረግረግም እንደዚያው። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ባሕር ሸሽ መሬት አንድ ዓመት አለ፣ አንድ ዓመት የለም። የተጎጂዎች ዝርዝር ከቀበሌ የመሬት መዝገብ ከተቀዳ ከደንገል ሥራና ከዓሣ የሚተዳደሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች አብዛኞቹ አይገኙበትም፤ የእርሻ መሬት የላቸውምና። ስለዚህ የተጎዳ ካሳ ያገኛል የሚለው ተስፋ መለኪያ የለውም። መለኪያ እንዲኖረው ማን፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ውሃ፣ ስንት ኪሎ እንደሚያወጣ ቢያንስ የአንድ ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል። ያ መዝገብ ከአስጋሪው ጋር ሳይነጋገሩ አይገኝም፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ቢሰበሰብም ዋጋ የለውም፤ የሚለካው ሁኔታ በዚያን ጊዜ ተለውጧልና።

አስጋሪው ምን ያውቃል ስለሚለው

ይህን ነጥብ በሰፊው እንመልሳለን፤ የጸሐፊው ክርክር የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ። አስጋሪው ስለ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለመስመር ወደሚመች ስለሚለውጠው መሣሪያ) አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። መልሕቅ የት ይይዛል፣ ውሃው እስከ የት ይሸሻል፣ ነፋስ ምን ይዞ ይመጣል የሚሉት ጥያቄዎች ግን የማመንጫውን ዕድሜ የሚወስኑ ናቸው፤ ለእነዚህ ከእሱ የተሻለ መዝገብ የለም።

ከውሃው መጠን እንጀምር። ከዓባይ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በር ተሠርቶ በ2001 አምስት ተጨምሮለታል፤ ሐይቁን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ባለው መካከል ለመቆጣጠር የታሰበ ነው። ሦስት ሜትር ማለት ነው። አሁን አንድ የመልሕቅ ገመድ እንውሰድ። ውሃው 5 ሜትር ጥልቀት ሳለ የ15 ሜትር ገመድ ተወጥሮ ታሰረ። መልሕቁ ከተንሳፋፊው ጠርዝ በአግድም 14 ሜትር ከ14 ሳንቲ ላይ ይቀመጣል። ክረምት አልፎ ውሃው ሦስት ሜትር ቢጨምር ያው ገመድ 16 ሜትር ከ25 ሳንቲ መሆን አለበት፤ 1 ሜትር ከ25 ያጥረዋል። ያጠረ ገመድ ወይ ተንሳፋፊውን ወደ ታች ይጎትታል፣ ወይ መልሕቁን ይነቅላል፣ ወይ ማያያዣውን ይሰብራል። በተቃራኒው በመስከረም ሙላት የታሰረ ገመድ ግንቦት ላይ ይላላል፤ ማመንጫው በሙሉ ከሜትር በላይ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ኬብሉ ከመገጣጠሚያው ላይ ይታሻል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የሚለጠጥ ገመድ ወይም ወደ ታች የሚንጠለጠል ከባድ ሰንሰለት ይገባል። ግን የትኛው እንደሚበቃ ለማወቅ በዚያ ቦታ ውሃው በእርግጥ እስከ የት ወርዶ እንደሚያውቅ ማወቅ ያሻል።

ወርዶም ያውቃል። ሰኔ 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በድርቅና ለኤሌክትሪክ በተለቀቀ ውሃ ምክንያት ሐይቁ 1784.46 ሜትር ደረሰ። መርከቦች ለመንቀሳቀስ 1785 ሜትር ያስፈልጋቸው ስለነበር አራት ወር ያህል ቆሙ፤ ሰፊ የደንገል ቦታ ጠፋ፤ ገበሬው በተገለጠው የሐይቅ ወለል ላይ ዘራ። ተንሳፋፊው ፕላስቲክ ውሃ ላይ እንዲቆም እንጂ ድንጋይና ጭቃ ላይ እንዲቀመጥ አልተሠራም፤ መሬት ሲነካ መጋጠሚያ ጆሮዎቹ ይሰነጠቃሉ። የዘንድሮ ሳተላይት ምስል የዘንድሮን ዳር ነው የሚያሳየው። በዚያ ዓመት የትኛው እጥፋት ባዶውን እንደቀረ፣ የትኛው ጋ ድንጋዩ ብቅ እንዳለ በእግሩ እየሄደ የሚያሳይ ሰው በየመንደሩ አለ። በነገራችን ላይ ይህ ታሪክ ራሱ ለጸሐፊው መልስ ነው። የሐይቁ ከፍታ በኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲመራ ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅ ጣና አንዴ አይቶታል።

መልሕቅ ሲለቅ ምን ይሆናል? ጃፓን ውስጥ በያማኩራ ግድብ ላይ የነበረው 13.7 ሜጋ ዋት ተንሳፋፊ ሶላር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በአውሎ ነፋስ ተመታ። መልሕቆቹ ተነቀሉ፤ ፓኔሎቹ ተገፍተው አንዱ በሌላው ላይ ተደራረቡ፤ ከዚያም እሳት ተነሣ። ጣና ላይ ያን የመሰለ አውሎ ነፋስ የለም። የአደጋው አካሄድ ግን በየትኛውም ውሃ ላይ ያው ነው። በአንድ ወገን ጥቂት መልሕቅ ሲለቅ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ እሱም ይለቃል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ጣና ላይ ያንን ጭነት የሚያመጣው እምቦጭ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን የያዘው ይህ አረም ይበልጥ የሰፈረው በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ በመገጭና በርብ መግቢያ አካባቢ ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ምንጣፍ የተያያዘው ክፍል በነፋስ ተገፍቶ ይጓዛል። ጥቅጥቁ እምቦጭ እርጥብ ክብደቱ በሄክታር በመቶዎች ቶን ይቆጠራል። ይህ ምንጣፍ ተንሳፋፊ ማመንጫ ሲያገኝ ተደግፎት ይቆማል፤ ነፋሱ በተነሣ ቁጥርም ይገፋዋል። አምራቹ የሚያቀርበው የመልሕቅ ስሌት የነፋስና የማዕበል ጭነትን ነው የሚያሰላው፤ የእምቦጭ ግፊት አብሮ አይመጣም። መከላከያ አጥር በውሃው ላይ መዘርጋት ይቻላል፤ ግን በየትኛው ወገን? በየትኛው ወር? ይህን የሚያውቀው በዘመቻ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የከረመው ነዋሪ ነው።

ወለሉም አለ። ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ደለል ያስገባሉ፤ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ወለሉ ልል ጭቃ ነው። ልል ጭቃ ላይ የኮንክሪት ብሎክ ወይ ይሰምጣል ወይ ይንሸራተታል። ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ የጭቃውን ገጽ ይነግርሃል እንጂ መልሕቅ መያዝ አለመያዙን አይነግርህም። ያንን ለማወቅ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ናሙና የሚወሰድበትን ነጥብ ለመምረጥ ደግሞ የጀልባ መልሕቅ የት እንደሚሳብ የሚያውቁትን መጠየቅ ብዙ ወጪ ያድናል። የጉማሬ መንገድም እንዲሁ ነው። በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ የሚግጥበት መስመር አለ፤ ኬብል ከውሃ የሚወጣበትን ነጥብ እዚያ ላይ ያደረገ ሰው ጥገናው ማለቂያ አይኖረውም።

የዓሣው ነገር በወር የተከፋፈለ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባሉት፣ 15 ያህል ዝርያ ያላቸውና አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የማይገኙት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዝ መግቢያ ተሰብስበው ብዙዎቹ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። አምባዛ በክረምት ወደተጥለቀለቀው ዳር ይሄዳል። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በባሕር ዳር ሰላጤ ከተስፋፋ በኋላ፣ መረቡ በእርባታ ወቅት ወንዝ መግቢያ ላይ በመጣሉ ነጭ ዓሣ በ1990ዎቹ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ኬብል ቀባሪ በዚያው ወቅት በዚያው አፍ ላይ ወለሉን ቢያደፈርስ ተመሳሳይ ጥፋት ይሠራል። በሌላ ወር ቢቀብረው ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ልዩነቱ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው።

የውጭ አገሩ ምሳሌ

ጸሐፊው የሚጠቅሱት የአሜሪካኑን ኬፕ ዊንድ ነው። በማሳቹሴትስ ናንተኬት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ክፍል 130 የነፋስ ተርባይን ለመትከል እ.ኤ.አ. በ2001 ታቅዶ፣ ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላ ኩባንያው በ2017 ተወው። እውነት ነው። ሀብታም ተቃዋሚዎች ሙግቱን በገንዘብ ደግፈውታል፤ ይህም እውነት ነው፤ ተሳትፎ የሚባለው ነገር ጉልበት ባላቸው ሰዎች ሊጠለፍ እንደሚችል እኛም አንክድም። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ቅደም ተከተሉን ነው። እዚያ ኩባንያው መጀመሪያ ቦታውን መረጠ፤ ከዚያ ክርክሩ መጣ። ጸሐፊው ለጣና ያቀረቡት ሥርዓት ያው ራሱ ነው።

ጎረቤት ግዛት ሮድ አይላንድ ተቃራኒውን አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተርባይኑ የት ይተከል ከማለቱ በፊት ባሕሩን ከዓሣ አስጋሪዎች፣ ከናራጋንሴት ነባር ሕዝብና ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በካርታ ላይ አሰፈረ፤ ዕቅዱ በ2010 ጸደቀ፤ ለአስጋሪዎች በዕቅዱ ውስጥ የራሳቸው አማካሪ ቦርድ ተሰጣቸው። ብሎክ አይላንድ ላይ የተተከሉት አምስት ተርባይኖች፣ 30 ሜጋ ዋት፣ በ2016 መጨረሻ ሥራ ጀመሩ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ ነው። ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት አይደለም። ኬብሉ በበቂ ጥልቀት ስላልተቀበረ ሰው በሚዋኝበት ዳር አሸዋው ተጠርጎ ተገለጠ፤ እንደገና መቅበር ግድ ሆነ። ማመንጫው ላይ የተጠነቀቀ ሰው ኬብሉ ዳር በሚወጣበት ላይ ሊዘናጋ እንደሚችል ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ዴንማርክ ውስጥ በኮፐንሃገን ወደብ ፊት ያለው ሚድልግሩንደን የበለጠ ያስተምራል። የመጀመሪያው ንድፍ 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር። ሕዝቡ ተጠይቆ ንድፉ ተለወጠ፤ 20 ተርባይን እንደ ቀስት በጎበጠ አንድ መስመር ሆነ። 40 ሜጋ ዋት ነው፤ ግማሹ ከ8,500 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው። ጥያቄው ንድፉን የሚቀይር ጊዜ ላይ ስለቀረበ ነው ውጤት ያመጣው። ዘግይቶ የተጠየቀ ወይም ያልተጠየቀ ሕዝብ የሚያስከፍለውን ለማየት ደግሞ ኖርዌይ አለች። የፎሰን ማመንጫ የብስ ላይ ያለ ነው፤ ግን ነገሩ አንድ ነው። 151 ተርባይን ተተክሎ እየሠራ ሳለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ሳሚ የተባለውን ነባር ሕዝብ አጋዘን አርቢዎች መብት ጥሷል ብሎ ፈቃዱን ዋጋ አሳጣው።

ስብሰባ ይበቃል ስለሚለው

በእኛ አገር አንድ ስብሰባ ተካሂዷል ለማለት ቃለ ጉባኤና የአበል ፊርማ ይበቃል። አዳራሹ ከተማ ውስጥ ነው፤ የሚመጣው የቀበሌ ተወካይ ነው፤ ስላይዱ በፕሮጀክተር ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ አስተያየት ያለው ይባላል። የታንኳ አስጋሪው ብዙ ጊዜ የማኅበር አባል አይደለም፤ ማታ የጣለውን መረብ ጧት የሚያነሣ ስለሆነም ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ አይደርስም። በዓቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ በዚያ ወቅት የሚጠራ ምክክር ባዶ አዳራሽ ነው። ገዳማቱም አሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉት ሴት የማትገባባቸው ስለሆኑ፣ ሴት መሐንዲስ ያለችበት የጥገና ቡድን በአደጋ ጊዜ የት ሊያርፍ ይችላል የሚለው ሳይቀር ቀድሞ መነጋገር የሚፈልግ ነው።

እኛ የምንለው ሥርዓት ውስብስብ አይደለም። ሦስት ወይም አራት አማራጭ ቦታ ይቅረብ፤ ሐይቁ ላይ ጨርሶ አለመትከልና ከተማው ጣሪያ ላይ መዘርጋትም አንድ አማራጭ ሆኖ ይቀመጥ። ሁለት ሜትር ስፋት ባለው ሸራ ላይ ሐይቁ ይታተም፤ ደሴቶቹ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ወንዝ መግቢያዎቹና ወደቦቹ ይታዩበት፤ ከዲግሪና ደቂቃ ይልቅ በእነዚህ ነው ሰው ቦታ የሚለየው። በ500 ሜትር በ500 ሜትር ይከፈል፤ አንዱ ካሬ 25 ሄክታር ነው፤ ማመንጫው ከነክልሉ ስድስት ካሬ ያህል ይይዛል። ታንኳ አስጋሪ፣ የሞተር ጀልባ ባለቤት፣ ደንገል ቆራጭ፣ ዓሣ አጽጂና ሻጭ ሴቶች፣ ባሕር ሸሽ አራሽ፣ ገዳም፣ የቱሪስት ጀልባ ማኅበር ለየብቻ ይሰብሰቡ። ታንኳኛው ከሞተር ጀልባ ባለቤት ጎን ከተቀመጠ አይናገርም። ለበጋና ለክረምት የተለያየ ቀለም እስክርቢቶ ይሰጣቸው፤ በየካሬው ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚሄድ ያቅልሙ። የእርባታ ቦታዎች ግን ነጥብ በነጥብ አይታተሙ፤ ካርታው ሲወጣ ሕገ ወጥ መረብ ጣዩም ያነበዋል።

ቦታው ወደ ሁለት ሲጠብ ወረቀቱ ይበቃና ውሃው ላይ ይሞከር። በእያንዳንዱ አማራጭ አራት ማዕዘን ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ ጀሪካን በገመድና በአሸዋ ጆንያ ይታሰር፤ አንድ ወር በበጋ፣ አንድ ወር በክረምት ይቆይ። ጀሪካን ስለሚፈለግ ይሰረቃል፤ ጎኑ ተቀድዶ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ቢጠቀጠቅበት ይንሳፈፋል፣ ለማንም ግን አይጠቅምም። በዚያ ጊዜ ታንኳው በየት ዞረ፣ መረብ የት ተያዘ፣ እምቦጭ ከየት ወገን መጥቶ ተጠጋ፣ የአሸዋው ጆንያ ስንት ሜትር ተንሸራተተ ይመዝገብ። ሚሊዮኖች የሚወጡበትን ስህተት በጥቂት ሺህ ብር ማየት ይቻላል።

የተነሣው ተቃውሞ ሁሉ ከጎኑ የተሰጠው መልስና በንድፉ ላይ ያመጣው ለውጥ ተጽፎ፣ በወር ውስጥ እዚያው መንደር ተመልሶ ይነበብ። ለሁሉም የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ አሥራ ሁለት ወር። ጸሐፊው መጓተት ያሳስበኛል ሲሉ ልክ ናቸው፤ ገደብ የሌለው ምክክር ራሱ የመሸሻ መንገድ ነው። ግን ይህ አንድ ዓመት ተጨማሪ ዓመት አይደለም። የነፋስ፣ የማዕበልና የውሃ ከፍታ ልኬት ለመልሕቅ ንድፍ ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጋና የክረምት ዙር ያስፈልገዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ስምምነቱ ውስጥ የሚገቡትን ነገሮች በተመለከተ ከገንዘብ በፊት የሚመጣ አለ። መስመሩ የሚያልፍባቸው የዓሣ ማውረጃዎች መጀመሪያ መብራት ያግኙ፤ በረዶ የሚሠራ ማሽንና ማቀዝቀዣ ካለ አስጋሪው ዓሣው ሳይበላሽ በዋጋ ይደራደራል። ፓኔል ማጠብ የማያቋርጥ ሥራ ነው፤ በጣና ላይ ፔሊካንና ሌሎች የውሃ ወፎች ስለሚያርፉበት ኩስ የሸፈነው ሕዋስ ይግላል፣ ፓኔሉም ይጎዳል፤ ይህን ሥራ የዳርቻው ወጣት ይያዘው። ከተንሳፋፊው ጥላ ሥር ዓሣ ይሰበሰባል፤ ጠርዙ ላይ ማን ያሰግራል የሚለው ከመጀመሪያው ካልተጻፈ ጠብ ያመጣል።

የስምምነቱ የመጨረሻ አንቀጽ ማመንጫው ሲያረጅ ማንሣትን የሚመለከት ነው፤ ጸሐፊው አልነኩትም። ፓኔል 25 ዓመት ያህል ይሠራል። ከዚያ በኋላ 50 ሜጋ ዋት ማለት 60 ሄክታር ፕላስቲክ፣ ፓኔልና ኬብል፣ ወለሉ ላይም በመቶዎች የሚቆጠር መልሕቅ ነው። መረብ የሚይዝ የተጣለ መልሕቅ ለአስጋሪው ማመንጫው ከነበረበት ጊዜ ይብሳል፤ ያኔ በምልክት ይታይ ነበር፣ አሁን አይታይም። የማንሻው ወጪ ተሰልቶ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የእያንዳንዱ መልሕቅ ቦታም ተመዝግቦ አንድ ቅጂው በየማውረጃው ባለው ማኅበር እጅ ይሁን።